ለዲያቆን ኢዜል፣ ስለ ማሽኑና ስለ ቀብርዎ

ውድ ዲያቆን ኢዜል፣

እንዴት ሰነበቱ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ከዚያ ነገሩ ትዝ ሲለኝ ሰረዝኩት። እርስዎም ቢሆኑ ያሰርዙኝ ነበር። "መልስ የማታገኝበትን ነገር እየጠየቅክ ወረቀት አታባክን" ማለትዎ አይቀርም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ ቀብርዎ ጥሩ ነበር። ከሁሉም ፊት ቦታ ይዘው ነበር፣ ግን ተኝተው ስለነበር ብዙ ነገር አምልጦዎታል። ሮስኮ እንዳይነግርዎ ያጋንናል። ፒዊ ደግሞ ወሬውን ሳይጀምር ሳቁን ይጀምራል። እኔ ብጽፍልዎ ይሻላል ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አለባበስዎ። ግራጫውን ሱፍ ነው ያለበሱዎት። እኛ ቡናማውን ብለን ነበር፣ ግን እህትዎ እማማ ሉቬኒያ "ቡናማውን ለብሶ ሰማይ ቤት ከሄደ ሶፋ መስሏቸው ይቀመጡበታል" ስላሉ ማንም አልተከራከረም። ጸጉርዎን ያስተካከለልዎ ሮስኮ ነው። አብሮዎት ስንት ዘመን ጸጉር ቆርጦ፣ የእርስዎ ሲሆን በግራ ጆሮዎ በኩል ትንሽ ከፍ አደረገው። ማንም አያይም ብሎ ነበር። ሰዉ በሙሉ አየው። ለቀስተኛው ግማሽ ዕድሜውን ጸጉር ቤት ተቀምጦ ያሳለፈ ሕዝብ እኮ ነው።

እርስዎ "ደብዳቤ ስትጽፉ አንድ የማያውቃችሁ ሰው በትከሻችሁ በኩል እንደሚያነብ አስቡ፣ እሱም እንዲገባው አድርጉ" ይሉን ስለነበር፣ የሚያውቁትንም ነገር ልንገርዎ ነው። ይታገሱኝ።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ እናቴ ጸጉሬን እንድቆረጥ ወደ እርስዎ ላከችኝ። ቀኑ ቅዳሜ መሆኑን ልብ አላልኩም። ደቡብ ሜምፊስ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በእርስዎ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ ጮክ ብሎ ማንበብ እንዳለበት የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሱ ሲያነብ የጸጉር መቁረጫው ማሽን ይሠራል። እሱ ሲያቆም ማሽኑ ይቆማል። አንገቴ ላይ ጨርቁን አሰሩና የጋዜጣውን የስፖርት ገጽ ሰጡኝ። እኔም ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ማጉረምረም ጀመርኩ።

"ውጭ ቆሞ ሲጋራ የሚያጨሰው ሰውዬ አልሰማህም" አሉኝ።

"እሱን ምን አገባው?"

"ምንም አላገባውም። እንዲያገባው ማድረግ ያንተ ሥራ ነው። ሲጋራውን ጥሎ እስኪገባ ድረስ አንብብ።"

አኮረፍኩና ዝም አልኩ። ማሽኑም ዝም አለ። እኔ ግትር ነበርኩ፣ እርስዎ ደግሞ ሳንድዊችዎን አውጥተው መብላት ጀመሩ። ከበሉ በኋላ ሌሎች ልጆች ቆረጡ፣ ወለሉን ጠረጉ፣ ከሮስኮ ጋር ስለ አሳ ማጥመድ ተጨቃጨቁ። መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ጨርቁን ከአንገቴ ፈቱና "በል ደህና ዋል፣ እናትህን ሰላም በልልኝ" አሉኝ። በቀኝ በኩል ራሴ የተላጨ መንገድ ነበር፤ በግራ በኩል ጫካ።

እናቴ በሩን ከፍታ አየችኝና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አቤት ስል ደግሞ "ዲያቆኑ ካሉ ካሉ ነው" ብላ ወደ ወጥ ቤቷ ገባች። ትምህርት ቤታችን ኮፍያ ክልክል ነበር። የክፍል ጓደኛዬ ፒዊ ሰኞ ጠዋት በር ላይ አየኝና "ሌላው ግማሽህ የት ቀረ?" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ግማሹ ሆኖ ቀረ። መምህራኑ ሳይቀሩ ግማሹ ሲሉኝ ሳቃቸውን ለመያዝ ከንፈራቸውን ይነክሱ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ንዴቴን ስጽፍ ሰነበትኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ተገድጄ ካልሆነ በቀር አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ቅዳሜ መጣሁና ወረቀቱን ፊትዎ ላይ ልወረውር ስል እጄን ያዙኝ።

"ምንድን ነው?"

"አቤቱታ ነው።"

"በማን ላይ?"

"በእርስዎ ላይ።"

"አቤቱታ በንባብ ነው የሚሰማው። ተቀመጥ።"

አነበብኩት። "ክቡር ዲያቆን ሆይ፣ የሰውን ልጅ ራስ እንደ ጓሮ ሣር አጋምሶ መተው በየትኛው መጽሐፍ ተጽፏል" ብሎ ነበር የሚጀምረው። መሃል ላይ ሲደርስ ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ እግዚአብሔር ፍርድ ነበረበት። በንዴት እየጮኽኩ ነበርና ውጭ የሚያጨሰው ሰውዬ በሩን ገፍቶ ገባና "ማነው ልጁን የበደለው?" አለ። እርስዎ መስታወቱን አመጡልኝ። ያ ሁሉ አቤቱታ ሲነበብ ማሽኑ ሲሠራ አልሰማሁትም ነበር። ጸጉሬ በሁለቱም በኩል እኩል ሆኖ ተቆርጧል።

"ሌላ አቤቱታ አለህ?" አሉኝ።

"የለኝም።"

"ለሚመጣው ቅዳሜ ፈልግ።"

ፈለግኩ። ዲያቆን፣ አቤቱታ እንዴት እንደሚበዛ እርስዎ ያውቃሉ። ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ሒሳብ አስተማሪዬ፣ ስለ አባቴ። ስለ አባቴ የጻፍኩትን ያነበብኩ ቀን ማሽኑን በጣም ቀስ አድርገው ነበር የነዱት፤ እንዳይጨርሱብኝ ብለው እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አንድ ቀን ለሁላችንም ያሉትን ደግሞ አልረሳውም። "በዚህ ከተማ ጥቁር ወጣት አፉን ሲከፍት ወይ ጮኸ ይሉታል ወይ አጉረመረመ ይሉታል። ተናገረ የሚባልበት ቦታ መሃል ላይ አለ። እሱን ነው የምንፈልገው። እስክናገኘው ጸጉራችሁን እየቆረጥኩ እጠብቃለሁ።"

ነገር ግን ሁለታችንም የምናውቀው አንድ ችግር ነበረብኝ። እኔ የማነበው ማሽኑ ራሴ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ማሽን በሌለበት ቦታ፣ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። በቤተክርስቲያኑ የገና ድራማ ላይ በየዓመቱ ዛፍ ነበርኩ፤ ዛፍነቱን ደግሞ በደንብ ነው የተወጣሁት። አሁን የምሠራበት መጋዘን ሲቀጥሩኝ፣ አለቃው ስሜን ሲጠይቀኝ መታወቂያዬን አሳየሁት። እርስዎ ይህን ሁሉ እያወቁ አንድ ቅዳሜ ማበጠሪያዎን ወደ እኔ ቀስረው የጸጉር ቤቱ ሱቅ በሙሉ እየሰማ ተናገሩ።

"በእኔ ቀብር ላይ 'የሕይወት ታሪክ በጸጥታ ይነበባል' የሚል ወረቀት ካየሁ ተነስቼ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው። ዕድሜዬን በሙሉ ልጆች ጮክ ብለው እንዲያነቡ ስለፋ ኖሬ፣ የእኔን ሁሉም አንገቱን ደፍቶ በልቡ ያንብበው? ግማሹ ነው ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ።"

ሳቅሁ። ይሞታሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የሕይወት ታሪክዎን የጻፍነው ከሱቁ በላይ፣ እማማ ሉቬኒያ ቤት ነው። እኔ፣ ፒዊና ሌላው የቅዳሜ ልጅ ጃማሪያን ጠረጴዛውን ከበብን። ጃማሪያን አሁን አስተማሪ ስለሆነ እስክሪብቶውን እሱ ያዘ። እማማ ነጭ ሹራባቸውን ለብሰው ወንበራቸው ላይ ተሰየሙ። የእርስዎን ማሽን፣ ሽቦውን ጠቅልለው፣ ጭናቸው ላይ አድርገውት ነበር።

"ይሄ አብሮት ይቀበራል" አሉ። "ስንት ዘመን ከእግሬ ሥር ሲጮህብኝ ኖረ። እሱም ይረፍ፣ የኔም ጆሮ ይረፍ።"

ጃማሪያን ጻፈና አነበበ፣ "ዲያቆን ኢዜል ተግል በለጋ ዕድሜያቸው ጌታን ተቀበሉ።"

"የምን ለጋ ዕድሜ?" አሉ እማማ። "ሠላሳ ዓመት አልፎት ነው። እሱም መዘምራን ውስጥ የነበረችውን ልጅ አይቶ ነው የገባው።"

"እማማ፣ የሁሉም ሰው የሕይወት ታሪክ እንደዚህ ነው የሚለው።"

"ለዚህ እኮ ነው በጸጥታ የሚነበበው። ጮክ ተብሎ ቢነበብ ሰው በሳቅ ያልቃል።"

ፒዊ ገና ሳይነበብ አለቀ። እማማ እስኪጨርስ ጠበቁትና ከመነጽራቸው በላይ ተራ በተራ አዩን።

"ስሙኝ ልጆች። ቤቱ አሁን የኔ ነው። ስልክ የሚጠግን አንድ ሰውዬ ሱቁን አከራዪኝ እያለ ይመላለሳል። ኢዜል ወንድ ልጅ መናገር አስተምራለሁ እያለ ቤቴን በጩኸት ሲሞላ ኖሯል። ያስተማረው ነገር ካለ ቅዳሜ በቀብሩ ላይ ልየው። አንተ ነህ አይደል የምታነበው?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

"አየህ፣ እሱንም እንኳ ራስህን ነቅንቀህ ነው የመለስከው። ቅዳሜ አፍህን ከፍተህ እንደ ሰው ካነበብክ ሱቁ እንዳለ ይቀጥላል። ካላነበብክ ለስልክ ጠጋኙ እሰጠዋለሁ። እሱ ቢያንስ ዝምተኛ ሰው ነው።"

ዲያቆን፣ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻውን መኪና፣ ፎርክሊፍቱን፣ እየነዳሁ ለካርቶኖቹ አነበብኩላቸው። ካርቶኖቹ ጥሩ አድማጮች ነበሩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በመደርደሪያው ጀርባ ብቅ ሲል ግን "ዲያቆን ኢዜል ተግል" የሚለው ላይ ድምፄ ጠፋ። ሰውየው አሞህ ነው ወይ ብሎ ውሃ አመጣልኝ።

የቀብሩ ዕለት ቤተክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። አስተናጋጆቹ ነጭ ጓንታቸውን አድርገው ሰዉን ያስቀምጣሉ፣ ማራገቢያ ያድላሉ። "የቅርብ ወዳጆች" በሚለው ረድፍ ላይ ሁለት እመቤቶች፣ አንዷ ሐምራዊ አንዷ ቢጫ ባርኔጣ አድርገው፣ በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትተው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ አንዷ ድምፅ ስትጨምር ሌላዋም ትጨምራለች። ስለዚህ ጉዳይ ምንም አልጠይቅዎትም።

ከዚያ የፕሮግራሙን ወረቀት ሰጡኝ። ፎቶዎ ጥሩ ወጥቷል። ስምዎም በትክክል ተጽፏል። ገለጥ ሳደርግ ግን መሃል ላይ፣ በሚያምር ፊደል፣ "የሕይወት ታሪክ፣ በለስላሳ ሙዚቃ ታጅቦ በጸጥታ ይነበባል" ይላል።

ስህተቱ የማንም አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ማተሚያ ቤቱ ይህን መስመር ለሰፈሩ ቀብር ሁሉ አንዴ አስቀምጦታል፣ ስምና ፎቶ ብቻ ነው የሚቀያየረው። እኛ ሦስታችንም ለእርማት ሲላክልን አይተነዋል። አይተነው አላየነውም። ከሕፃንነታችን ጀምሮ በየቀብሩ ስናየው ስላደግን፣ እንደ ቤተክርስቲያኑ ግድግዳ ሆኖብን ነበር። ጃማሪያን የአንድ አክስትዎን ስም ፊደል ለማስተካከል ከማተሚያ ቤቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ውሎ፣ ይህን ዓይኑ ሥር አሳልፎታል።

"አሁን ምን እናድርግ?" አለኝ ፊቱ ተለዋውጦ።

እውነቱን ልንገርዎ? ደስ አለኝ። ዲያቆን፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ከሰማይ የወረደ ምሕረት መሰለኝ።

ሁለት ደቂቃ ብቻ የተሰጠው የዲያቆናቱ ማኅበር ሊቀመንበር ስለ እርስዎ ሊናገር ተነስቶ ስለ ራሱ ጉልበት ቀዶ ጥገና ተናገረ። አስተናጋጇ በጓንት እጇ ጊዜው አለቀ የሚል ምልክት እያሳየች አጠገቡ ብትቆምም ስለ ግራው ጉልበት ከጨረሰ በኋላ ቀኙን ጀመረ። ከዚያ መጋቢ ስቶክስ እኛ የሰጠናቸውን ማስታወሻ አዩና "አሁን የሕይወት ታሪካቸው፣ በወንድም ታቫረስ ሂግስ" አሉ። እኔ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ማይኩ ፊት ቆምኩ። አፌን ልከፍት ስል ወንድም ሉተር በኦርጋኑ ለስላሳውን ሙዚቃ ጀመረ። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ወረቀቱ እንዳዘዘው፣ አንገቱን ደፍቶ በጸጥታ ማንበብ ጀመረ።

ማንም አያየኝም ነበር። ቆሜ ብቆይ፣ ሲጨርሱ አሜን ብዬ ብወርድ፣ ታቫረስ በጸሎት መንፈስ ቆሞ አስነበበን ነው የሚሉት። ዛፍነቴ ደግሞ የተመሰከረለት ነው። ወረቀቴን ደረቴ ላይ ያዝኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሱቁ ነገር ትዝ አለኝ፣ ግን አፌ አልከፈት አለ።

ዓይኔን ስከፍት አንድ ሰው ብቻ ቀና ብሎ ያየኛል። እማማ ሉቬኒያ ናቸው። በነጭ ቀሚስና በነጭ ባርኔጣ ከፊተኛው ወንበር ላይ ሆነው ያዩኛል። ቦርሳቸውን ከፈቱ። ውስጡን አዩ። ሳጥንዎ ከመዘጋቱ በፊትም እንዲሁ ከፍተው አይተው መልሰው ሲዘጉት አይቼ ነበር። አሁን ግን ቦርሳቸውን ይዘው ተነሱ። አስተናጋጇ ሊወድቁ መስሏት ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች፤ እሳቸው ግን እጇን አስለቅቀው ወደ ኦርጋኑ ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ የኦርጋኑን ሶኬት ከግድግዳው ነቀሉት።

ኦርጋኑ እንደ ደከመ በሬ አቃሰተና ጠፋ። ወንድም ሉተር ለጥቂት ጊዜ ሳይገባው በባዶ ሲጫወት ቆየ። ሕዝቡ ቀና አለ። በዚያ ጸጥታ መሃል እማማ ከቦርሳቸው የእርስዎን ማሽን አወጡ፣ ሽቦውን ፈቱ፣ ኦርጋኑ ከተነቀለበት ላይ ሰኩና ማብሪያውን ጫን አሉት።

ያ ድምፅ። ዲያቆን፣ ያን ድምፅ እንዴት ብዬ እንደምጽፍልዎ አላውቅም። ከኋላ ረድፍ ፒዊ ሳቁን ለቀቀው። ሮስኮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጸጉር ቤትዎ ያደገ ሁሉ፣ አባት የሆነውም፣ ራሰ በራ የሆነውም፣ ሳያስበው አንገቱን ቀና አድርጎ ተስተካክሎ ተቀመጠ። እማማ ማሽኑን አጠፉትና አገጫቸውን ወደ እኔ ቀና አደረጉ። ተራው ያንተ ነው ማለታቸው ነበር።

"ዲያቆን ኢዜል ተግል" አልኩ። ማሽኑ ተነሳ።

አነበብኩ። መጀመሪያ ድምፄ እንደ ጫጩት ነበር። "ቀስ እያልክ ልጄ" አሉኝ ከቀኝ በኩል ያሉ እናቶች። "አይዞህ" አለ አንድ ሰው። ስለ ሚሲሲፒው ትውልድዎ፣ ስለ ጥጥ እርሻው፣ ሜምፊስ በአንድ ጫማ ስለ መምጣትዎ አነበብኩ። ስደናቀፍ ማሽኑ ይቆማል፣ ስቀጥል ይቀጥላል። "በለጋ ዕድሜያቸው ጌታን ተቀበሉ" ብዬ ስቀጥል ግን፣ እኔ ሳላቆም ማሽኑ ቆመ።

ቀና ስል እማማ ከመነጽራቸው በላይ ያዩኛል። ደገምኩት። ማሽኑ ዝም።

"ማለቴ" አልኩ፣ "ሠላሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው ጌታን የተቀበሉት። መዘምራን ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች።"

ማሽኑ ተነሳ። ቤተክርስቲያኑ በሳቅ ተናወጠ። መጋቢ ስቶክስ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሐምራዊ ባርኔጣ ያደረጉት እመቤት ቀጥ ብለው ተቀመጡና ቢጫዋን ባርኔጣ ጎንዮሽ አዩ። ይህንንም አልጠይቅዎትም፤ ገብቶኛል።

ከሳቁ በኋላ ድምፄ ተከፍቶ ነበር። ስለ ግማሽ ራሴ ነገርኳቸው። እሱ ወረቀቱ ላይ የለም። አቤቱታዬንም በቃሌ አልኩላቸው፣ "የሰውን ልጅ ራስ እንደ ጓሮ ሣር" የሚለውን ሳይቀር። ሲስቁ ጠበቅኳቸው። መጠበቅ እንደምችል አላውቅም ነበር። የኋላው በር ተከፈተና ውጭ ቆሞ ሲያጨስ የነበረው የሬሳ መኪናው ሾፌር አንገቱን አስገባ። ቆይቶ ሙሉ ሰውነቱን አስገባና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እሱን ሳይ እንባዬ መጣ። አልዋሽዎትም፣ መጣ።

ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ። መጨረሻው ላይ "ትዳር አልመሠረቱም፣ ልጅም አልወለዱም" ይላል።

ማሽኑ ቆመ።

እማማን አየኋቸው። አሁን ከመነጽራቸው በላይ አልነበረም የሚያዩኝ፤ አንገታቸውን ደፍተው ማሽኑን ነበር የሚያዩት። ይህን እንዴት እንደማርመው ወረቀት ላይ የጻፈልኝ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን አጠፍኩና ኪሴ ከተትኩት።

"ጃማሪያን ፖርተር" አልኩ።

"አለሁ" አለ ጃማሪያን ከሦስተኛው ረድፍ፣ በአስተማሪ ድምፅ።

"ፒዊ" ልል ነበር፤ የማያውቀን ሰውም እንዲገባው አድርጉ ያሉን ትዝ ሲለኝ "ዴልሮይ ሳምፕሰን" አልኩ። ፒዊ በስሙ ተጠርቶ ስለማያውቅ ዞር ብሎ ማንን ነው ብሎ ፈለገ፤ ከዚያ "አለሁ" አለ፣ ሳይስቅ። የማውቃቸውን ሁሉ ጠራሁ። ያልጠራኋቸው ደግሞ ራሳቸው ስማቸውን እየተናገሩ "አለሁ" አሉ። ሮስኮ እንኳ "አለሁ" አለ፤ በዕድሜ እንደሚበልጥዎት ረስቶ ነው። ሁሉም ሲያበቃ እኔ ቀረሁ። እኔን የሚጠራኝ አልነበረም።

"ታቫረስ ሂግስ" አሉ እማማ ሉቬኒያ። ከዚያ በፊት በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

"አለሁ" አልኩ። ማሽኑ ተነሳ፣ እኔ ከመድረኩ እስክወርድ ድረስ አልጠፋም።

ከቀብሩ በኋላ በቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት ዶሮ ጥብሱ፣ ዓሣውና ስፓጌቲው፣ ጎመኑ ቀረበ። ሁለቱ ባርኔጣዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ኬክ ሲካፈሉ አይቻለሁ፤ የሚያወሩትን ግን ለመስማት አልደፈርኩም። እማማ ሳህናቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ሳጥኑ ውስጥ ይከተታል ብለው አልነበረም?" አልኳቸው፣ ማሽኑን ማለቴ ነው።

"ልከተው ነበር።" ጎመናቸውን ቀላቀሉ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቅ ላይ ሆኜ ልብስ እተኩሳለሁ። ማሽኑ ሲቆም የኔም እጅ ይቆማል። ልጁ ቃሉን እስኪያገኘው ድረስ ካውያውን ይዤ እጠብቃለሁ። ስንት ቀሚስ እንዳቃጠላችሁብኝ ታውቃለህ? ያንተን አቤቱታማ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። ወርጄ ግማሹን ራስህን ላየው ብዬ ነበር፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።"

"ስልክ ጠጋኙስ?"

"ሌላ ቦታ ይፈልግ ብዬዋለሁ። ዝምታ በሰፈሩ ሞልቷል።"

ይኸው ነው ዲያቆን። ደህና ነኝ፤ ሱቁም ደህና ነው። ወንበርዎ ላይ አሁን ሮስኮ ይቆርጣል። ነገር ግን ሮስኮ ልቡ ገር ስለሆነ፣ ልጆች ዝም ሲሉም ያዝንላቸውና መቁረጡን ይቀጥላል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ መጥቼ ሶኬቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ አኩራፊ ልጅ መጣ፣ ስሙ ማርኬል ነው። የስፖርቱን ገጽ ሰጠሁት። ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። ሶኬቱን ነቀልኩት።

"እንዲህ ልትለቁኝ ነው?" አለኝ መስታወቱን እያየ።

"ውጭ የሚያጨሰው ሰውዬ አልሰማህም" አልኩት። ድምፄ የእርስዎን መሰለኝና ደነገጥኩ። ከላይ ደግሞ እማማ በከዘራቸው ወለሉን ሁለቴ መቱ፤ እሳቸውም አልሰሙትም ማለት ነው።

ልጁ አኮረፈ፣ እኔም ሳንድዊቼን አወጣሁ። መዝጊያ ሰዓት ላይ ጨርቁን ፈታሁለትና እናትህን ሰላም በልልኝ አልኩት። በሩን ወርውሮት ወጣ። ሮስኮ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም፤ እኔ ግን አሁን ያ ልጅ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ በንዴት እየጻፈ መሆኑን አውቃለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ወንበሩን ጠርጌ፣ ማሽኑን ዘይት ቀብቼ እጠብቀዋለሁ።

ማሽንዎ በደህና እጅ ነው። ይረፉ።

ታቫረስ ሂግስ
(ሱቁ ውስጥ አሁንም ግማሹ)